የሚያዝን አምላክ፣ የማይቆጣ ሰው

ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 6 ላይ እግዚአብሔር ሰውን በመፍጠሩ እንደ ተጸጸተና በልቡ እንዳዘነ ተጽፏል። ብዙዎቻችን ይህን ቃል ያነበብነው ወደ ጥፋት ውሃው ታሪክ ስንቸኩል ስለሆነ ቆም ብለን አልጠየቅንም። እኔም ብሆን አብርሃም ጆሹዋ ሄሼል የተባለው አይሁዳዊ ሊቅ በ1962 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳተመው "ነቢያት" የተሰኘ መጽሐፍ እጄ እስኪገባ ድረስ አልጠየቅሁም ነበር። ለመሆኑ ሁሉን የሚያውቅ እንዴት ይጸጸታል? ምንም የማይጎድልበትስ ምን አጥቶ ያዝናል?

ጥያቄው በአይሁድ ሊቃውንት ዘንድ የቆየ ሙግት ነው። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው ፊሎን፣ በግሪክ ፍልስፍና የተቃኘ ሰው ነበርና፣ አምላክ ይጸጸታል ብሎ ማሰብን ከክህደት ቆጠረው። ከእርሱ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ የተነሣው ማይሞኒደስም በ1190 እ.ኤ.አ. ገደማ ግብጽ ውስጥ በጨረሰው "ለግራ የተጋቡ መሪ" በተሰኘው መጽሐፉ ነገሩን በጥንቃቄ ፈታው። እንደ እርሱ አባባል፣ አምላክ "መሐሪ" የሚባለው ሥራው ሰው በርኅራኄ ተነሥቶ የሚሠራውን ስለሚመስል እንጂ ልቡ ስለሚላወስ አይደለም። "ቁጣ" የተባለውም እንዲሁ ነው።

ማይሞኒደስ እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ነገሩ የሊቃውንት ጉዳይ ብቻ ሆኖ በቀረ። እርሱ ግን ከሰማይ ወደ ምድር ያወርደዋል። አምላክ ሳይቆጣ የሚቀጣ ከሆነ ገዢም ሳይቆጣ መፍረድ ይኖርበታል። አባት ልጁን ሲገሥጽ ፊቱን ያጥቁር እንጂ ልቡ ይርጋ ይላል። እንግዲህ የክርክሩ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ሰው አምላኩን ሊመስል የሚተጋ ፍጡር ከሆነ፣ የአምላኩ ልብ ምን እንደሚመስል ማወቁ የራሱን ልብ የሚቀርጽበት ነው።

ሄሼል የተነሣው ይህንን ለመገልበጥ ነው። በ1907 ዋርሶ ተወልዶ በርሊን ተማረ፤ የዶክትሬት ጽሑፉም ስለ ነቢያት ነበር። በእርሱ ዘንድ የነቢያት አምላክ ከሩቅ ሆኖ ዓለሙን የሚያንቀሳቅስ ኃይል አይደለም፤ የድሃ መገፋት የሚያመው፣ የሕዝቡ ክህደት የሚያቆስለው ነው። ይህ ስሜት ግን እንደ ሰው ግልፍታ መጥቶ የሚሄድ አይደለም። ስለ ፍትሕ ብሎ በፈቃዱ ለሰው ማሰቡ ነው። ነቢዩም መልእክት አድርሶ የሚመለስ ተላላኪ ሳይሆን የአምላኩን ሐዘን የሚጋራ ሰው ነው። ሆሴዕ ከዳተኛ ሚስቱን ሲወድ የተማረው ይህንኑ ነበር።

የአማርኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ የሚቸገር አይመስለኝም። በኤርምያስ 31፣ 20 ላይ ዕብራይስጡ አምላክ ስለ ኤፍሬም ሲራራ የሆድ ዕቃው እንደ ታወከ ይናገራል። ፈላስፋው እዚህ ላይ ያፍራል። አንጀቱ የሚላወስ፣ ሆዱ የሚባባ ሕዝብ ግን አያፍርም፤ ርኅራኄ የት እንደሚቀመጥ ያውቃልና።

የታልሙድ ሊቃውንትም አላፈሩም። አንደኛው ትረካ አምላክ ምሕረቱ ቁጣውን እንድታሸንፍ ራሱ እንደሚጸልይ ይናገራል። ሌላው፣ ግብጻውያን በባሕር ሲሰጥሙ መላእክት ሊዘምሩ ቢሹ፣ የእጄ ሥራ እየሰጠመ እንዴት ትዘምራላችሁ ብሎ እንደ ገሠጻቸው ያወራል። የጠላት ሞት እንኳ የሚያሳዝነው አምላክ ማለት ነው።

የሄሼል መጽሐፍ ግን እንከን የለሽ አይደለም። በ1964 ኤሊዔዘር ቤርኮቪትስ የተባለው አይሁዳዊ ፈላስፋ አጥብቆ ተችቶታል። ስሜት የተባለው በቀጥታ ከተወሰደ አምላክን ወደ ሰው ያወርዳል፤ በምሳሌ ከተወሰደ ደግሞ ተመልሶ ማይሞኒደስ ዘንድ ያደርሳል። ሄሼል ለዚህ በቂ መልስ አለው ለማለት እቸገራለሁ። ማስረጃ በሚያስፈልግበት ቦታ የቋንቋው ውበት ተሸክሞ ያሻግረዋል፤ አንባቢም ተማርኮ አብሮ ይሻገራል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ስለ ቁጣ የጻፈው ነው። የአምላክ ቁጣ የፍቅሩ ሌላ ገጽታ ነው፤ ግፍን አይቶ ዝም ከማለት ይሻላል ይለናል። መልካም። ቁጣው የወረደበት ሕዝብ መካከል ያለው ሕፃንስ? ሄሼል እናቱንና ሦስት እህቶቹን በናዚዎች ዘመን ያጣ ሰው ነው፤ መጽሐፉንም ለዚያ ዘመን ሰማዕታት መታሰቢያ አድርጎታል። መታሰቢያው ከፊት ገጽ ላይ ይነበባል፤ ጥያቄው ግን በውስጥ ገጾች በቂ ቦታ አላገኘም።

ጥያቄውን ፊት ለፊት የተጋፈጠው ሌላ የዋርሶ ሰው ነው። ረቢ ካሎኒመስ ቃልማን ሻፒራ በመስከረም 1939 በከተማይቱ ላይ በወረደው ድብደባ አንድ ልጁን አጣ። ከዚያ በኋላ በጌቶው ውስጥ እስከ 1942 ድረስ እየሰበከ ስብከቱን ይጽፍ ነበር። ጽሑፉ ተቀብሮ ከጦርነቱ በኋላ ተገኘና በ1960 እስራኤል ውስጥ ታተመ፤ እርሱ ራሱ ግን በ1943 ተገድሏል። አምላክ በስውር ስፍራ ያለቅሳል የሚለውን የታልሙድ ነገር አንሥቶ፣ ለምን በስውር? ብሎ ጠየቀ። ሐዘኑ ወሰን የሌለው ስለሆነ ዓለም ሊሸከመው አይችልም፤ ቢሰማ ዓለም ይጠፋ ነበር ሲል መለሰ። ብቻውን የሚያለቅስ ሰው ይሰበራል፤ ወደዚያች ጓዳ ገብቶ ከአምላኩ ጋር የሚያለቅስ ግን ይበረታል አለ። ለቅሶ ደርሶ የሚያውቅ ሰው ይህን አይስተውም። ሐዘንተኛ ቤት የምንሄደው የሞተውን ልናስነሣ አይደለምና።

ማይሞኒደስ ስቷል ለማለት አልደፍርም። ቁጣን ከእምነት ጋር ቀላቅለው ሰይፍ የሚመዙትን ሳስብ የእርሱን የረጋ ዳኛ እመኛለሁ። ሆኖም የረጋ ልብ አንዳንዴ የደነዘዘ ልብም ሊሆን ይችላል። ሄሼል በ1965 ከሴልማ በተነሣው ሰልፍ ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋር በግንባር ተሰልፎ ስለ ጥቁሮች መብት ሲጓዝ የነቢያቱን መጽሐፍ በእግሩ ይተረጉም ነበር ማለት ይቻላል። ክርክሩን በመጽሐፉ አላሸነፈ ይሆናል። የሰው በደል የሚያመው አምላክ አለ ብሎ ያመነ ሰው ግን እቤቱ ቁጭ ብሎ ማየት አልቻለም።