ሁለተኛው ቀን

ከወጣቶቻችን ጋር ዘፍጥረት ምዕራፍ 1ን ከሐይቅ እስጢፋኖስ ማዶ፣ ውኃው ዳር ተቀምጠን አነበብን። እንደ ልማዳችን መጀመሪያ የተነሣው ጥያቄ «ቀኑ የ24 ሰዓት ነው ወይ?» የሚለው ነበር። ጥያቄው አይናቅም፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ የምዕራፉን አወቃቀር ሳናይ ያሳልፈናል።

ታሪኩ ሲጀምር ምድር ቅርጽ የላትም፤ የሚኖርባትም የለም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይለያሉ፦ ብርሃንን ከጨለማ፣ ውኃን ከውኃ፣ የብስን ከባሕር። ቀጣዮቹ ሦስቱ ይሞላሉ፦ ብርሃናት፣ ዓሦችና ወፎች፣ እንስሳትና ሰው። እኔም ይህን አከፋፈል ለዓመታት አስተምሬዋለሁ። ግን ልክክ አይልም፤ አምስተኛው ቀን የሁለተኛው ጥንድ ነው ብንልም፣ ዓሦቹ የሚዋኙበት ባሕር የተሰየመው በሦስተኛው ቀን ነው።

ይህ እንከን ሁለተኛውን ቀን እንድናጤነው ያደርገናል። በዕብራይስጡ በዚያ ቀን «መልካም» የሚል ቃል የለም፤ በሦስተኛው ቀን ግን ሁለት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ከፊታችን ያለ ይመስለኛል። ገዳሙ ያለበት ስፍራ ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ዛሬ በእግር ይገባበታል። ውኃ ካልሸሸ መቆሚያ የለም። በሁለተኛው ቀን ውኃው ተከፈለ እንጂ ገና አልተሰበሰበም፤ ሥራው ያለቀው በማግስቱ ነው። ጥንታዊው የግሪክ ትርጉም «መልካም»ን በሁለተኛውም ቀን አስገብቷል። ጎደሎ የሞላ መስሎት ዝምታውን ያበላሸብን ይመስለኛል።

የአገራችን የቤተ ክህነት ትምህርት ፍጥረትን 22 አድርጎ ይቆጥራል። ቁጥሩ በመጽሐፈ ኩፋሌ እንደ ቀኖቹ ቅደም ተከተል 7፣ 1፣ 4፣ 3፣ 3፣ 4 ሆኖ ተከፍሏል። እኛ ወንጌላውያን ኩፋሌን ከቅዱሳት መጻሕፍት አንቆጥረውም፤ ቢሆንም ቆጣሪው በጥንቃቄ አንብቧል። ለሁለተኛው ቀን የደረሰው አንድ ብቻ ነው።

የ12ኛ ክፍል ውጤት ያልመጣላት አንዲት እኅታችን ይህን ስትሰማ «እኔ ታዲያ ሁለተኛው ቀን ላይ ነኝ» አለች። ሳቅን። ምዕራፉ ስለ ውኃ እንጂ ስለ ፈተና ውጤት አይናገርም፤ ይህንኑ ነገርኳት። እሷ ግን አልተወችኝም።

«መልካም ያልተባለውም ቀን ማታና ጠዋት ነበረው አይደል?»

ነበረው። ከቁጥር 6 ጀምረን እንደገና አነበብን።