ቀዩ የማን ነው?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ገበያ ቀሚስ የምትገዛ ሴት ጥለቱን በሱቁ ውስጥ ብቻ አይታ ዋጋ አትነጋገርም፤ ወደ በሩ አውጥታ በፀሐይ ብርሃን ትመረምረዋለች። ነጋዴውም አይቀየማትም፤ አምፖል ቀለምን እንደሚለውጥ እርሱም ያውቃልና። ይህ ጥንቃቄ በሥዕል ሐያስያን ዘንድ ይገኛልን?

ጥያቄው የተነሣው ከራሴ ስሕተት ነው። በጀርመን አገር ተምሮ የተመለሰውን የሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታን «ጎልጎታ» (እ.ኤ.አ. 1963) ኮምቦልቻ ሆኜ በኮምፒዩተሬ ስመለከት፣ በሥዕሉ ላይ የገነነው ቀይ ወደ ብርቱካንማ ያደላ ስለ መሰለኝ «ሥቃዩ ለዝቦ ቀርቧል» ብዬ ማስታወሻ ያዝኩ። ያንኑ ፎቶግራፍ በአንድ ወዳጄ ስክሪን ላይ ሳየው ግን ቀዩ ጠቁሮና ከብዶ የደረቀ ደም መሰለኝ። ሥዕሉ አንድ፣ ፎቶግራፉም አንድ። ታዲያ የነቀፍኩት ማንን ኖሯል? የገዛ ስክሪኔን ነበር።

ለዚህ ስሕተት መድኃኒት አለው። ስክሪኑን ግማሽ ሰዓት ያህል አብርቶ ማቆየት፣ የመስኮት ብርሃን እንዳያርፍበት መከላከል፣ ከዚያም በስክሪኑ ፊት ላይ የሚያርፍ የቀለም መለኪያ መሣሪያ ይዞ ነጩን ወደ 6500 ኬልቪን፣ ጋማ የተባለውን የብርሃን አወራረድ ወደ 2.2 ማስተካከል ነው። ፕሮፋይል የሚባለው ሰነድ ግን ከዚህ ይለያል። ስክሪኑ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን እስከ ምን ድረስ እንደሚያሳይ ይመሰክራል። ሐያሲው ይህን ሰነድ ከፍቶ እ.ኤ.አ. በ1996 ከቀረበው የኤስ አር ጂ ቢ መለኪያ ጋር ቢያስተያየው፣ ስክሪኑ የትኛው ቀለም እንደሚያቅተው ይረዳል። መሣሪያው ያልተገኘለት ሰው የስክሪኑን ነጭ በቀን ብርሃን ከተያዘ ነጭ ወረቀት ጋር ያነጻጽር፤ ሙሉ መፍትሔ ባይሆንም መጠራጠርን ያስተምረዋል።

«ሥዕል በመሣሪያ አይለካም» የሚሉ አይጠፉም። እውነት አላቸው፤ የተስተካከለ ስክሪንም ቢሆን የሸራውን ስፋትና የቀለሙን ውፍረት አያሳይም። ነገር ግን በመድረክ ሥራዬ ቀይ ልብስ በሰማያዊ መብራት ሥር ጥቁር ሲመስል አይቻለሁ። ተመልካቹ ተዋናይቱን ሐዘንተኛ ናት ቢል ጥፋቱ የልብሱ ሰፊ አይደለም።

ጉዳዩ ለእኛ ቀላል አይደለም። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ወደ 380 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ለዚህ አካባቢ ተማሪ ሙዚየሙ ስክሪኑ ነው። ስለዚህ ሥዕል ፎቶግራፍ አንሥተው የሚያሠራጩ ተቋማት የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ አብረው ሊያነሡ፣ የምስሉንም ፕሮፋይል ሳይነጥሉ ሊሰጡ ይገባል። ሐያሲውም ሥራውን በሸራ፣ በኅትመት ወይስ በስክሪን እንዳየው ለአንባቢው ይንገር።

እኔ በበኩሌ ማስታወሻዬን ሰርዣለሁ። ስለ «ጎልጎታ» ቀይ የምጽፈው ጥለቱን ወደ በሩ ካወጣሁ በኋላ ይሆናል።