አደራና ማደሪያ፦ ሦስት ሥዕሎች የቀሰቀሱት ጥያቄ

አንድ ክርስቲያናዊ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ማደሪያ የሚያድስበት ገንዘብ ቢያጥረው፣ በአደራ የተቀበላቸውን ሥዕሎች መሸጥ ይገባዋልን? ጥያቄው የሩቅ አገር ሰዎች ጉዳይ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን ስጦታ ተቀብሎ የሚያስተምር ተቋም ሁሉ አንድ ቀን በሩ ላይ የሚያገኘው ጥያቄ ነው።

ቫልፓራይዞ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 በሜቶዲስቶች ተመሠረተ። በ1923 ኩ ክለክስ ክላን የተባለው ዘረኛ ድርጅት ሊገዛው ሞክሮ ሳይሳካለት ቀረ፤ በ1925 የሉተራውያን ማኅበር ገዛው። መሪ ቃሉ ከመዝሙር 36፥9 የተወሰደ ነው። የአምልኮ አዳራሹ በ1956 በእሳት ቢወድም፣ ዛሬ ግቢው የሚታወቅበት የትንሣኤ ጸሎት ቤት በ1959 ተመረቀ። የባኽን ሙዚቃ የሚያጠና ተቋምና የሥነ ጥበብ ሙዚየምም አቋቁሟል። አምልኮ፣ ጥናትና ጥበብ በአንድ ግቢ መኖራቸው ለሉተራውያን እንግዳ አይደለም፤ ባኽ ራሱ በላይፕዚግ የቤተ ክርስቲያንና የትምህርት ቤት አገልጋይ ነበር።

በ2023 የዩኒቨርሲቲው አመራር ሦስት ሥዕሎችን ሸጦ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ማደሪያ ለማደስ ማሰቡን አስታወቀ። ሥዕሎቹ የጆርጂያ ኦኪፍ፣ የፍሬድሪክ ቸርችና የቻይልድ ሃሳም ሥራዎች ናቸው። መሠረታቸው ፐርሲ ስሎን የተባሉ ሰው ሠዓሊ አባታቸውን ለማሰብ በ1953 የተዉት ስጦታ ነው፤ የቸርች ሥዕል ከስጦታው ጋር የመጣ ሲሆን፣ ሁለቱ በኋላ በስጦታው ገንዘብ ተገዙ። መምህራንና የቀድሞ ተማሪዎች ተቃወሙ። ሙዚየሙ በስማቸው የተጠራው ሪቻርድ ብራወርም ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት። በ2024 ፍርድ ቤቱ ሽያጩን ፈቀደ።

አመራሩን በችኮላ አንኰንን። የተማሪው ቁጥር ቀንሷል፤ የሕግ ትምህርት ቤቱም በ2020 ተዘግቷል። ከቤቱ ርቆ ለመጣ ወጣት ደኅና ማደሪያ ማዘጋጀት እንግዳ መቀበል ነው፤ እንግዳ መቀበል ደግሞ ክርስቲያናዊ ግዴታ ነው። የቤተ ክርስቲያን ንብረት መሸጥም በራሱ ኃጢአት አይደለም። የሚላኑ አምብሮስ ምርኮኞችን ለመዋጀት የቤተ ክርስቲያን ንዋያተ ቅድሳትን አቅልጦ ሸጧል። ሆኖም ምርኮኛ ጊዜ የለውም፤ የማደሪያ እድሳት ግን ሌላ መንገድ እስኪፈለግለት ሊጠብቅ ይችላል።

እኔ የምቃወመው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ ሥዕሎቹ ከዩኒቨርሲቲው ዋና የትምህርት ተልእኮ ውጭ ናቸው የሚለው ምክንያት ነው። ሉተር በ1524 ለጀርመን ከተሞች ምክር ቤቶች ሲጽፍ፣ ለመሣሪያ፣ ለመንገድና ለግድብ ገንዘብ የሚያወጣ ከተማ ለትምህርት ቤትና ለመልካም ቤተ መጻሕፍት ለምን ይሰስታል ብሎ ሞግቷል። ከዘጸአት 31 እንደምንማረው ባስልኤል በእግዚአብሔር መንፈስ የተሞላው ለእጅ ሥራ ጥበብ ነው። የኦኪፍን ቀይ የኒው ሜክሲኮ ኮረብቶች ቆሞ ማየትን የተማረ ተማሪ፣ ፍጥረትን ማየት ተምሯል። ይህ ትምህርት ካልሆነ ትምህርት ምንድን ነው?

ሁለተኛው የአደራ ጉዳይ ነው። ዩኒቨርሲቲው በፍርድ ቤት ካቀረባቸው ክርክሮች አንዱ፣ የኦኪፍና የሃሳም ሥዕሎች ለጋሹ ካስቀመጡት የወግ አጥባቂ ሥዕል መስፈርት ጋር አይስማሙም የሚል ነበር። ሥዕሎቹ የተገዙት በ1960ዎቹ ነው። ለስድሳ ዓመት ያህል በኩራት ሲያሳዩ ኖረው ገንዘብ ሲያስፈልግ ስሕተቱን ማግኘት፣ በሕግ ፊት ያስኬድ ይሆናል። በአደራ ፊት ግን ያሳፍራል። የሞተ ለጋሽ ተነሥቶ አይከራከርም፤ ስለዚህ ቃሉን ለእርሱ በሚመች መንገድ እንጂ ለእኛ በሚመች መንገድ ልንተረጉመው አይገባም።

ተቃዋሚዎቹም ከጥያቄ አያመልጡም። ማርቆስ 14 ላይ ያለችውን ሽቱ ያፈሰሰች ሴት ለሥዕሎቹ ጠበቃ አድርጎ መጥቀስ ይቀላል። እርሷ ግን የሰበረችው የራሷን ዕቃ ነው፤ ሽቱውም ለጌታ ፈሰሰ። ሙዚየምን ከጌታ ጋር አናስተካክል። ከታሪኩ የምንማረው ሌላ ነው፦ ሦስት መቶ ዲናር ብለው የተመኑት ሰዎች ያሰሉት በሌላ ሰው ስጦታ ላይ ነበር። ደግሞም ሥዕል ግድግዳ ላይ ስለ ተሰቀለ ብቻ ትምህርት አይሆንም። የሥነ መለኮት መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ አንድ ቀን እንኳ ፊቱ ካልቆመ፣ የሚሸጥበት ቀን መጮኹ ዘግይቷል።

ወደ ራሳችን እንመለስ። በማውቀው አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት፣ አንድ አረጋዊ አገልጋይ ሲያርፉ ቤተ ሰባቸው መጻሕፍታቸውን ሰጠ። ክፍሉ ለስብሰባ ሲፈለግ መጻሕፍቱ በካርቶን ታሽገው መጋዘን ገቡ፤ ዝናብም አገኛቸው። የሸጠ የለም፤ አደራው ግን ተበላ። እኔም እዚያ አስተምር ነበር፤ ካርቶኖቹን እያየሁ አልፌአለሁ።

እንግዲህ መጋቢያንና ተማሪዎች ሆይ፣ ስጦታ ከመቀበላችን በፊት የሰጪውን ሐሳብ በጽሑፍ እንያዝ፤ ልንጠብቀው የማንችለውን በትሕትና እንመልስ። የተቀበልነውን እናስተምርበት። ችግር ሲመጣም ውሳኔው ሳያልቅ ጉዳዩን ለማኅበረሰቡ እናቅርብ። ማደሪያው ያረጃል፤ እንደ ገናም ይታደሳል። አንዴ የተበላ አደራ ግን፣ ቀጥሎ የሚሰጠውን ሰው እጅ ያስቀራል።