በዓይን የተነበበ፣ በጆሮ የተሰማ፤ ስለ ቤኔዲክት አንደርሰን መጽሐፍ የቀረበ ሒስ
ቤኔዲክት አንደርሰን በ1983 ዓ. ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳተመው፣ በአማርኛ «በምናብ የተመሠረቱ ማኅበረሰቦች» ልንለው የምንችለው መጽሐፍ፣ የመገናኛ ብዙኃንንና የማንነትን ነገር የሚያጠና ተማሪ ዘወትር የሚጠቅሰው ሥራ ሆኗል። የሐሳቡ ፍሬ ይህ ነው፤ የአንድ አገር ሰዎች በዓይን ሳይተያዩ አንድ ነን ብለው የሚያስቡት፣ ለገበያ የሚታተም ጋዜጣና ልብ ወለድ በአንድ ቋንቋ ስላገናኛቸው ነው። እያንዳንዱ ለብቻው በጸጥታ ያነባል፤ ነገር ግን እልፍ ሰዎች ያንኑ እንደሚያነቡ ያውቃል።

ሐሳቡ ብርቱ ነው። ይሁን እንጂ ወደ አገራችን ሲመጣ አንድ ጉድለት ይታይበታል። «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ በ1917 ዓ. ም. ሲጀመር ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት ነበር። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ. ም. ታተመ፤ ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ የደረሰው ግን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ነው። ጉዱ ካሣን በፊደል ሳይሆን በወጋየሁ ድምፅ የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው። ፊደል ያልቆጠረውና ኮሌጅ የደረሰው እኩል ሰሙ፤ በዘራቸው በሚመኩት በፊታውራሪ መሸሻ ላይም እኩል ለመፍረድ ቻሉ።

እርግጥ አንደርሰን ሬዲዮን ፈጽሞ አልዘነጋም፤ ለኅትመት አጋዥ አድርጎ በአጭሩ ያነሣዋል። እኛ ዘንድ ግን ለብዙዎች አጋዥ ሳይሆን ዋናው በር ነበር። ልዩነቱም ቀላል አይደለም። ብቻውን የሚያነብ ሰው ሌሎቹን በሐሳቡ ይገምታል፤ አብሮ የሚሰማ ሰው ግን ጎረቤቱ የቱ ላይ እንደ ሳቀ፣ የቱ ላይ እንደ ተቆጣ ያያል። የባለርስት ልጅና የጭሰኛ ልጅ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ሰምተው አንድ ዓይነት ፍርድ ላይሰጡ ይችላሉ። ስለዚህ አብሮ መስማት አንድነትን ብቻ ሳይሆን ልዩነትንም ይገልጣል።

ድምፅ ደግሞ ቋንቋ አለው። አማርኛ የማይሰማው ኢትዮጵያዊ ያ ትረካ ሲሰማ ከደጅ ቀርቷል። እንግዲህ «እኛ» የሚለው ቃል ማንን እንደሚጨምር ለማወቅ ስንት ቅጂ ታተመ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ማን ለማን አነበበ? በምን ቋንቋ? ሳይሰማ የቀረውስ ማን ነው? የአንደርሰንን መጽሐፍ የምናከብረው እንደ ዳዊት በመድገም ሳይሆን፣ በእነዚህ ጥያቄዎች በመፈተን ነው።