ዘመን በሎቄ ሙታን ላይ የሰጠው ፍርድ

ደም የፈሰሰበት ነገር በቅን ይፈረድ ዘንድ ዘመን ይለፍበት ማለት የታሪክ ጸሓፊዎች የቈየ ልማድ ነው። ቍጣ ሲበርድ እውነት ይጠራል ይላሉ። ይህ አሳብ ከፊል እውነት አለው፤ በሐዋሳ ዳርቻ በሎቄ የሆነውን ለመረመረ ሰው ግን አይበቃም።

ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ. ም. የከተማይቱን አስተዳደር ከሲዳማ ዞን ይነጥላል የተባለውን ዕቅድ በመቃወም ለሰልፍ የወጡ ሰዎች በጸጥታ ኀይሎች ጥይት ወደቁ። የሟቾቹ ቍጥር ያን ጊዜ አከራከረ፤ ከብዙ ዓመታትም በኋላ አንድ አልሆነም። እንግዲህ ዘመን ቍጥሩን አላጠራም። የለወጠው የሟቾቹን ማዕርግ ነው። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ. ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከመቶ 98.5 የሚያህል ድምፅ ለክልልነት ከተሰጠ ወዲህ፣ በወገኖቻቸው ዘንድ ቀድሞም ሰማዕታት የነበሩት ሙታን የአደባባይ ታሪክ መሠረት ሆኑ። ስለ አንዲት ከተማ አስተዳደር የወጡት ሰዎች አሳብ ከኋለኛው ድል ጋር አንድ ሆኖ ተነበበ። ፍርዱን የለወጠው የቍጣ መብረድ ሳይሆን ድሉ መሆኑን ልብ ይሏል።

ይህም የሚታወቀው ሌላው ቀን ከጎኑ ሲቀመጥ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 47 ለሕዝበ ውሳኔ የወሰነው የአንድ ዓመት ጊዜ ስላለፈ ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ. ም. በሐዋሳና በዙሪያዋ ሁከት ተነሣ፤ ሰልፈኞችም፣ ከሌላ ብሔረሰብ የሆኑ ነዋሪዎችም ሞቱ፤ ቤትና ንብረት ተቃጠለ። ለነዚህ ሙታን በድሉ ታሪክ ውስጥ ያለው ስፍራ ጠባብ ነው። ገና ቅርብ ነው፤ ይቈይ ቢባል፣ መቈየት ብቻውን የሚያደርገውን መቅደላ ያሳያል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ. ም. ራሳቸውን መግደላቸው በድርሰትም በተውኔትም ይዘከራል፤ ከአራት ቀን በፊት፣ በጸሎተ ሐሙስ፣ ወደ ገደል የተወረወሩት እስረኞች እምብዛም አይነሡም።

በሲዳማ ሥርዓት ሽማግሌዎች በሶንጎ ሲቀመጡ «አፊኒ» ይላሉ፤ «ሰማችሁን?» ማለት ነው። ነገሩ ለጉባኤው ሁሉ ሳይሰማ ብያኔ አይሰጥም፤ የሚፈለገውም «ሐላሌ» የሚሉት እውነት ነው። ሥርዓቱ የሚጠይቀው ማን እንደ ተሰማ ነው፤ ስንት ዓመት እንዳለፈ አይጠይቅም። የሎቄ ምስክሮች እያረጁ ሄደዋል። የሐምሌው ምስክሮች ግን፣ ሲዳማውም ሌላውም፣ በከተማይቱ ሰፈሮች ጎን ለጎን ይኖራሉ።