ተማሪውን ጠየቅነው፤ ትምህርት ቤቱንስ?

ቤተሰቡ ፋርታ ገጠር ሆኖ ደብረ ታቦር ሁለተኛ ደረጃ የሚማር ልጅ፣ ብዙ ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ ነው የሚኖረው። ቅዳሜ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል፤ እሑድ እንጀራና ሽሮውን ተሸክሞ ይመለሳል። ሰኞ ክፍል ሲገባ «ገጠሬ» ተብሎ ቢሳቅበት፣ ማክሰኞም ረቡዕም ቢደገም፣ ይሄ ቀልድ ነው?

አይደለም። የዘርፉ ፈር ቀዳጅ ተመራማሪ ዳን ኦልቬዩስ ጉልበተኝነትን (ቡሊንግን) የሚለየው በሦስት ምልክቶች ነው፦ ሆን ተብሎ ይደረጋል፣ ይደጋገማል፣ ራሱን ለመከላከል አቅም በሚያንሰው ላይ ያርፋል።

ስለ አገራችን ካሉን ጠቃሚ ጥናቶች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኒሴፍ የምርምር ቢሮ የታተመው የያንግ ላይቭስ ጥናት ነው። በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም 15 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ጠየቀ፤ 19 ሲሞላቸውም እነዚያኑ ልጆች መልሶ አገኛቸው። አማራ ክልልም ተካቷል። በ15 ዓመት ጉልበተኝነት የደረሰባቸው፣ በ19 ለራሳቸው ያላቸው ግምት ዝቅ ብሎ፣ ከወላጅና ከጓደኛ ጋር ያላቸውም ግንኙነት ላልቶ ታይቷል። እርግጥ አንዱ ሌላውን አመጣ ለማለት ይህ ብቻ አይበቃም። ግን «ልጅነት ነው፣ ያልፋል» የሚሉ ትልልቆች ቆም ብለው ቢያስቡ ጥሩ ነው።

ድክመቱስ? መጠይቁ ስንት ጊዜ እንደተመታችሁ፣ እንደተሰደባችሁ፣ እንደተገለላችሁ፣ ዕቃችሁ እንደተበላሸ ይጠይቃል። የት? በስንት ሰዓት? ማን እያየ? እዚህ ላይ ዝም ይላል። ስለ ልጁ ብዙ እናውቃለን፤ ስለ ግቢው ግን ጥቂት።

ግቢው ደግሞ ለውጥ ያመጣል። ኦልቬዩስ በርገን፣ ኖርዌይ ውስጥ ባጠናቸው ትምህርት ቤቶች፣ በእረፍት ሰዓት ብዙ አስተማሪ ግቢ ውስጥ ሲኖር ጉልበተኝነቱ ያንሳል። የክፍሉ ተማሪ ብዛት ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳየም።

ታዲያ ይህን ውጤት እንዳለ አምጥተን ደብረ ታቦር ላይ እንለጥፈው? አይሆንም። አንደኛ፣ ኖርዌይ ውስጥ «ብዙ ተማሪ ያለበት» የሚባለው ክፍል ከእኛው ጋር አይወዳደርም። ሁለተኛ፣ ተከራይቶ ለሚማር ልጅ አስተማሪ የማያየው ሰዓት ከእረፍት በጣም ይረዝማል። ስንቁን የሚበላበትና የሚያስፈራራው፣ አብሮት የተከራየው ልጅ ሊሆን ይችላል። ለእሱ «የትምህርት ቤት አካባቢ» ማለት መንገዱም የኪራይ ቤቱም ነው። ቀጣዩ ጥናት አጥሩ ጋ ከቆመ፣ ይህን ልጅ አያገኘውም።

እስከዚያው እናንተ መጀመር ትችላላችሁ። ከጓደኞቻችሁ ጋር የግቢያችሁን፣ የመንገዱንና የሰፈሩን ካርታ ሳሉ። የሚያስፈራችሁን ቦታና ሰዓት ምልክት አድርጉ። የልጅ ስም አትጻፉ። ከዚያ ለምታምኑት አስተማሪ ወይም ለሚኒ ሚዲያ ክበባችሁ አሳዩ። ምልክቶቹ አንድ ቦታ ላይ ከተሰበሰቡ፣ ጥያቄው «ይሄ ልጅ ምን ሆነ?» መሆኑ ቀርቶ «እዚህ ቦታ ማን ይቁም?» ይሆናል።