ጌታና ሠራተኛ በአንድ ማዕድ
ስለ «ሰሜንና ደቡብ» መጽሐፍ የቀረበ ሒስ

እንግሊዛዊቱ ደራሲ ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ጋስኬል «ሰሜንና ደቡብ» የተባለውን ልብ ወለድ ታሪክ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1854 እና በ1855 ዓ.ም.፣ ቻርልስ ዲክንስ በሚያዘጋጀው ሳምንታዊ መጽሔት በየክፍሉ አወጡት። በዚያው በ1854 ዓ.ም. የፕሬስተን ከተማ የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች ደመወዛቸው ከመቶ ዐሥር እንዲጨመር ጠይቀው፣ ብዙ ወራት ያለ ሥራ ከቆዩ በኋላ፣ የጠየቁትን ሳያገኙ ተመልሰው ነበር። የደራሲዋ ባለቤት በማንቸስተር የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ስለ ነበሩ፣ ወይዘሮ ጋስኬል የባለጸጋውንም የድኻውንም ቤት በቅርብ ያውቁ ነበር።

ከታሪኩ ዋና ሰዎች መካከል ባለፋብሪካው ቶርንተንና የሠራተኞች ማኅበር ሰው የሆነው ሂጊንስ ይገኛሉ። የመጽሐፉ ብልጫ የሁለቱንም ወገን ነገር ሳይሸሽግ መናገሩ ነው። የሂጊንስ ልጅ ቤሲ የጥጥ ብናኝ ሳንባዋን ጐድቶት ትሞታለች። ብናኙን የሚያስወግድ መንኰራኵር አለ፤ ነገር ግን 500 ወይም 600 ፓውንድ ያህል ስለሚያወጣና ትርፍ ስለማያስገኝ፣ የሚያስተክሉት ጌቶች ጥቂቶች ናቸው። ከሠራተኞቹም መካከል ብናኙን መዋጥ ከመልመዳቸው የተነሣ፣ መንኰራኵር ባለበት ስንሠራ ይርበናልና ደመወዝ ይጨመርልን የሚሉ እንደ ነበሩ ተጽፏል። እንዲህ ያለውን መራራ ነገር አንዱን ወገን ለመስደብ ብቻ የተነሣ ጸሓፊ አያገኘውም።

ቶርንተን እህል በጅምላ ተገዝቶ ሠራተኞቹ በአንድነት የሚመገቡበት ቤት እንዲቋቋም ዐሳብ ቢያቀርብ፣ ሂጊንስ ነቀፈው፤ ነገሩም ቀረ። ጥቂት ቈይቶ ግን ሂጊንስ ያንኑ የሚመስል ዐሳብ የራሱ አድርጎ ይዞ መጣ። ጌታው አልተከራከረውም፤ እንደ መጋቢ ሆኖ እህሉን ገዛ፤ ወደ ገበታቸውም ሲጠሩት እንጂ ሳይጠሩት አይቀርብም። የመጽሐፉ ጥበብ እዚህ ላይ ነው፤ ምጽዋት ሰጪውን ከፍ ያደርጋል፤ ተጋብዞ መብላት ግን ሁለቱን ያስተካክላል።

ፍጻሜው ግን ይደክማል። ቶርንተን በከሰረ ጊዜ የሚያድነው ከሠራተኞቹ ጋራ ያበጀው መግባባት ሳይሆን፣ ማርጋሬት የምትባለው ወይዘሪት የወረሰችው ገንዘብ ነው። ሠራተኞቹ እንደ ገና ፋብሪካ ቢያቋቁም ከእርሱ ዘንድ ለመሥራት እንደሚወዱ ፈርመው ይልኩለታል። ፊርማው ፍቅራቸውን ይገልጻል፤ ስለ ደመወዛቸው የሚመክሩበትን ሥልጣን ግን አይሰጣቸውም። በአንድ ደግ ጌታ ላይ ብቻ የቆመ ስምምነት፣ ጌታው ሲከስር ወይም ሲሞት አብሮት ይወድቃል።

ደራሲዋ ይህን ፈጽመው አልዘነጉትም። ቶርንተን ራሱ ሥራ ማቆም ከእንግዲህ ይቀራል አይልም፤ ተስፋው መራራው ጥላቻ እንዲበርድ ብቻ ነው። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። በአንድ ማዕድ ተቀምጠው የተዋወቁ ሰዎች ቢጣሉ እንኳ፣ ለሚያስታርቃቸው ሽማግሌ መንገድ አይጠፋውም።